ሩቲን፦ ጤና አዳም፣ ላብራቶሪውና ገበያው

ጤና አዳምን ለድሬዳዋም ሆነ ለሐረር ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከደጋው የሚወርዱ ሴቶች ቀፊራ ገበያ ላይ ከሎሚና ከቃሪያ ጎን በትንንሽ እስር ዘርግተው ይሸጡታል። ቡና ላይ ጣል ይደረጋል፣ ፍሬው ከበርበሬ ጋር ይፈጫል፣ ሆድ ሲቆርጥ ተቀቅሎ ይጠጣል። አሁን አሁን የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ጤና አዳሙም፣ ሽፈራውም፣ የቡና ቅጠሉም ደርቆ ተፈጭቶ፣ በላስቲክ እየታሸገ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣል። ማስታወቂያው ላይ እናቶቻችን ሰምተው የማያውቁት ነገር ይነበባል፦ «በሩቲን የበለጸገ»፣ «ፍላቮኖይድ ያለው»፣ «በላብራቶሪ የተረጋገጠ»። ከዚያ ደም ያጣራል፣ ግፊት ያወርዳል፣ ካንሰር ይከላከላል የሚለው ይከተላል።

ከእነዚህ ሁሉ ሩቲንን ብቻ ነጥለን እንየው። ሩቲን ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ እውነተኛ ውህድ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥም ብዙ ይሠራል። ነገር ግን «በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ሲባል ምኑ እንደተረጋገጠ ስለማይነገር፣ ለገዢው የሚሸጠው ያልተረጋገጠው ክፍል ሆኖ ይገኛል።

ፍላቮኖይዶች ዕፅዋት የሚሠሯቸው የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ውህዶች ናቸው፤ በሺዎች ይቆጠራሉ። የሁሉም አጽም 15 የካርቦን አቶሞች ነው፤ የሚለያዩት አጽሙ ላይ በተንጠለጠለው ነገር ነው። ተክሉ ለእኛ ብሎ አይሠራቸውም። ቅጠሉን ከፀሐይ ጨረር ይከልልበታል፣ ነፍሳትን ይስብበታል ወይም ያባርርበታል። ኩዌርሴቲን የተባለው ፍላቮኖይድ ላይ ሁለት ስኳር፣ ግሉኮስና ራምኖስ፣ ሲታሰርበት ሩቲን ይሆናል። ይህችን የስኳር ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ብዙው ነገር የሚዞረው በእሷ ዙሪያ ነው።

ሩቲንን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ኦገስት ቫይስ የተባለ ጀርመናዊ ፋርማሲስት ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያወጣው ደግሞ ከአውሮፓው ጤና አዳም ነው። የእኛው የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሩቲንም አለው። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሩቲን ግን ከጤና አዳም አይመጣም። በአብዛኛው የሚወጣው ሶፎራ ከሚባል የምሥራቅ እስያ ዛፍ የአበባ እምቡጥና ፋቫ ዳንታ ከሚባል የብራዚል ዛፍ ፍሬ ነው።

በዚህ ነገር ዙሪያ ጉጉት ሲነሣ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በ1936 ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ፣ በቫይታሚን ሲ ሥራው የሚታወቀውና በዓመቱ ኖቤል የተሸለመው ሳይንቲስት፣ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ከሎሚና ከቀይ ቃሪያ የተገኘ የፍላቮኖይድ ድብልቅ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠነክራል አለ፤ «ቫይታሚን ፒ» የሚል ስምም ወጣለት። በ1940ዎቹ አሜሪካኖች ሩቲንን ከትምባሆና ባክዊት ከሚባል እህል ቅጠል እያወጡ በቀላሉ ለሚደሙ ሕሙማን መስጠት ጀመሩ። በ1950 አካባቢ ግን የቫይታሚንነት ማዕረጉ ተነሣ፤ ሰው ሩቲን ስላጣ የሚይዘው በሽታ የለምና።

ወደ ላብራቶሪው እንግባ። ሩቲን እዚያ ውስጥ ትልቁ ሥራው የሚዛን ድንጋይ መሆን ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ቅጠል ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የፍላቮኖይድ መጠን ለማወቅ ሲፈልግ ቅጠሉን ጥላ ውስጥ ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዝፋል፣ ያጣራል። የተጣራው ላይ አሉሚኒየም ክሎራይድ ሲጨምርበት ደብዘዝ ያለው ቢጫ ወዲያው ይደምቃል፤ አሉሚኒየሙ ከፍላቮኖይዱ ጋር ስለሚተሳሰር ነው። ድምቀቱን ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባለው መሣሪያ 415 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ብርሃን ያነበዋል። ንባቡ ብቻውን ምንም ስለማይል፣ መጠኑ በሚታወቅ ንጹሕ ሩቲን ወይም ኩዌርሴቲን ተመሳሳይ ንባብ ይወሰድና ማነጻጸሪያ መስመር ይሠመራል። ውጤቱ «በአንድ ግራም ደረቅ ቅጠል ይህን ያህል ሚሊግራም የሩቲን አቻ» ተብሎ ይጻፋል። ቅጠሉ ያን ያህል ሩቲን አለው ማለት አይደለም፤ ቢጫ የሆነው ሁሉ ተደምሮ በሩቲን ሚዛን ተለካ ማለት ነው። ጽሑፉ ነጋዴው ጋ ሲደርስ ግን «ይህን ያህል ሩቲን አለው» ተብሎ ያርፋል።

ሁለተኛው የተለመደ ፈተና ዲፒፒኤች ይባላል። ዲፒፒኤች ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ኬሚካል ነው፤ ሞለኪውሉ ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን ይዟል። የቅጠሉ ጭማቂ ተጨምሮበት ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ጭማቂው ለዲፒፒኤች የሚሰጠው ኤሌክትሮን ካለው ወይን ጠጁ እየፈዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ያኔ ቅጠሉ አንቲኦክሲዳንት ነው፣ እንዲህ ጥንድ ያጡ ሞለኪውሎችን ያበርዳል፣ ይባላል። ሩቲን በዚህ ፈተና ጎበዝ ነው። ችግሩ፣ የሚወድቅ ቅጠል ማግኘት ነው የሚከብደው። የአወዳይ ጫት ራሱ ፍላቮኖይድም ታኒንም አለው፤ ሜታኖል ውስጥ ቢዘፈዘፍ ያንኑ ወይን ጠጅ ቀለም ያጠፋል። በዚህ ሒሳብ ከሄድን ጫትንም «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» ብሎ ማሸግ ይቻላል። (ይህን ስል ለማንም ሐሳብ እየሰጠሁ አይደለም።) ሰው አካል ውስጥ ደግሞ ዲፒፒኤች የሚባል ነገር የለም።

በየዩኒቨርሲቲው ስለ ባህል መድኃኒት የሚሠሩ ብዙ የመመረቂያ ጥናቶች እዚህ ፈተና ላይ ደርሰው ይቆሙና «ውጤቱ የተክሉን ባህላዊ አጠቃቀም ይደግፋል» በምትል ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ። ለምን እንደሚቆሙ ይገባኛል፤ ፈተናው ርካሽ ነው፣ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፣ በአንድ ሴሚስተር ያልቃል። ግን ሆድ ቁርጠትንና የወይን ጠጅ ቀለምን ምን እንዳገናኛቸው የሚጠይቅ ፈታኝ አልፎ አልፎ ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ከሚዛንነቱ ሌላ ሩቲንና ኩዌርሴቲን ራሳቸው በሕዋሳት ላይ ይሞከራሉ። ጽሑፎቹን ያገላበጠ ሰው የማይሠሩት ነገር ያለ አይመስለውም፦ እብጠት ያበርዳሉ፣ ባክቴሪያ ያዳክማሉ፣ የካንሰር ሕዋስ ይገድላሉ። እዚህ ላይ ነው የመጠኑ ጥያቄ የሚመጣው።

በ1995 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው 9 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በተለያየ ጊዜ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ንጹሕ ሩቲንና ንጹሕ ኩዌርሴቲን ሰጧቸው። ከሽንኩርቱ 52 በመቶ፣ ከንጹሕ ኩዌርሴቲን 24 በመቶ፣ ከሩቲን 17 በመቶ ብቻ ከአንጀት ወደ ሰውነት እንደገባ ገመቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ከሽንኩርት የመጣው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ሲደርስ፣ ሩቲን 9 ሰዓት ያህል ፈጀበት። ልዩነቱን ያመጣችው ያቺ ስኳር ናት። ሽንኩርት ውስጥ ኩዌርሴቲን የታሰረው ከግሉኮስ ጋር ስለሆነ ትንሹ አንጀት ፈትቶ ያስገባዋል። የሩቲንን ጥንድ ስኳር የሚፈታ ኤንዛይም ግን እኛ የለንም፤ ትልቁ አንጀት ድረስ ወርዶ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው የሚፈቱት። እነሱ ደግሞ ፈትተው ብቻ አይተዉትም፣ ብዙውን ወደ ጥቃቅን አሲዶች ይሰባብሩታል። ከዚያ የተረፈው ወደ ሰውነት ሲገባም አንጀትና ጉበት ሌላ ነገር ይቀጥሉበትና፣ ደም ውስጥ የሚዞረው የተለወጠ ዘመዱ ይሆናል።

ሽንኩርቱን ከበሉ በኋላ እንኳ ደም ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ መጠን አንድ ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሆነ የሚለካበት መለኪያ) አልሞላም። ላብራቶሪ ውስጥ ሕዋሳት ላይ የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 100 ማይክሮሞላር ነው፤ ያውም ያልተለወጠው። በነገራችን ላይ፣ ኩዌርሴቲን ነው የምፈልገው የሚል ሰው ካለ የሐረርጌ ቀይ ሽንኩርት ከማንኛውም እሽግ ዱቄት ይሻለዋል፤ ዋጋው ሲወደድ ባይመችም።

ሌላም ጣጣ አለ። እንደ ኩዌርሴቲን ያሉ ፍላቮኖይዶች ሕዋሳቱ በሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጥራሉ፤ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ማለት ነው። አንድ ጥናት «የካንሰር ሕዋስ ገደለ» ሲል የገደለው ፍላቮኖይዱ ይሁን ሕዋሳቱ ባሉበት የላብራቶሪ ሳህን ውስጥ የተፈጠረው ፐርኦክሳይድ ካልተለየ፣ ውጤቱ ስለ ሰው አካል ብዙ አይነግረንም። ሳህኑን ለበጎው የሚያምን ደግሞ ለክፉውም ማመን ሊኖርበት ነው፦ ኩዌርሴቲን በባክቴሪያ ላይ በሚደረገው የኤምስ ፈተና የዘር ለውጥ ያመጣል። በእንስሳትና በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ስላልበቃ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1999 «በሰው ላይ ካንሰር ማምጣት አለማምጣቱ ሊመደብ የማይችል» ብሎ ሦስተኛው ምድብ ውስጥ አስቀመጠው። ይህን የሚጠቅስ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም።

እንዲህ ሲባል ሩቲን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከላብራቶሪ ወደ ሰው እንዴት በደንብ እንደሚኬድ የሚያሳይ ታሪክ ያለው በራሱ በሩቲን ላይ ነው። ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ፒዲአይ የሚባል ኤንዛይም የሚገታ ነገር ፍለጋ ወደ 5,000 የሚጠጉ ውህዶችን ፈተሹ። ከወጡት አንዱ ሩቲን ነበር፤ በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ አይጦች ላይ የደም መርጋትን እንደቀነሰ አሳዩ። የሚያስገርመው፣ ስኳር የሌለበት ባዶው ኩዌርሴቲን ኤንዛይሙን እምብዛም አልነካውም። በዲፒፒኤች ፈተና ግን ኩዌርሴቲኑም ጎበዝ ነው። ቀለም የሚያጠፋው ጉልበትና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ጉልበት የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ወደ ሰው ሲሻገሩ ግን ሩቲንን ራሱን አልሰጡም። አንጀት እንደማያሳልፈው ስለሚያውቁ አንድ ስኳር ብቻ ያለውን ኢሶኩዌርሴቲን መረጡ። በ2019 የወጣው ጥናት የገፋ ካንሰር ያለባቸው 57 ሕሙማንን ያካተተ ነበር፤ በቀን 1,000 ሚሊግራም በወሰዱት ላይ ዲ ዳይመር የሚባለው የደም መርጋት ምልክት ወደ 22 በመቶ ቀነሰ። ጅምር ነው፤ ትንሽ ጥናት ነው፤ ግን ምን እንደሚለካ፣ ስንት እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል።

አሁን ቡናችን ላይ ያለውን ጤና አዳም እናስላው። አንድ ቅርንጫፍ አንድ ግራም ይመዝናል እንበል። አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሲደርቅ 0.2 ግራም ቢቀር ነው። ለጋስ ሆነን ከደረቁ 5 በመቶው ሩቲን ነው ብንል እንኳ 10 ሚሊግራም እናገኛለን፤ ያውም ሁሉም ወደ ሲኒው ከወረደ። ለሽታና ለጣዕም ከበቂ በላይ ነው፤ ከ1,000 ሚሊግራም ጋር ግን ወሬው አይገናኝም።

«ግፊት ያወርዳል» የሚለውም በዚሁ መልክ መታየት አለበት። በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ 587 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 7 ሙከራዎች ደምሮ፣ ኩዌርሴቲን የላይኛውን ግፊት በአማካይ 3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ብቻ እንደሚቀንስ፣ ይህም በደንብ የታየው በቀን 500 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ መሆኑን አገኘ። ግፊቱ 160 የሆነ ሰው ዱቄት ተማምኖ ክኒኑን ቢያቆም የሚያተርፈው ይህቺን 3 ነው፤ እሷንም ካገኛት።

ለድሬዳዋ ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ የገባባት ከተማ ናት፤ ትንኙም ትኩሳቱም ከዚያ ወዲህ አልለቀቋትም። ደንጊ ፕሌትሌትን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን የደም ሕዋሳት፣ ያወርዳል፣ ሲከፋ ያደማል። ሐኪሞች አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል የሚሉት ለዚሁ ነው። አንድ ነገር የደም መርጋትን ይቀንሳል ተብሎ በካንሰር ሕሙማን ላይ እየተሞከረ ባለበት ጊዜ፣ ያንኑ ነገር በክኒን ወይም በተጠናከረ ዱቄት መልክ ለደንጊ ታማሚ «ደም ያጣራል» ብሎ መስጠት ማስተዋል የጎደለው ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር ለሐኪሙ መናገር አለበት።

እስካሁን ስለ ሩቲን ነው ያወራነው። ጤና አዳም ግን ሩቲን ብቻ አይደለም፤ ዱቄት ሻጮች የሚዘሉት ይህን ነው። ተክሉ ውስጥ ሶራሌን የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ ቤርጋፕተንና ዛንቶቶክሲን የሚባሉት ከእነሱ ወገን ናቸው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው፣ ሶራሌኖቹ በአልትራቫዮሌት ጨረር ጉልበት ከቆዳ ሕዋስ ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃሉ። ወዲያው ምንም አይሰማም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቦታው ይቀላል፣ እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ቅጠሉን አሽቶ ግንባሩን ወይም ክንዱን አሽቶበት በድሬ የቀትር ፀሐይ ከከዚራ እስከ ሳቢያን በባጃጅ የሚሄድ ሰው ቃጠሎው ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል፤ በመሐል ያለፈው ጊዜ ያሳስተዋልና። ሐኪሞች ይህንኑ ጠባይ በቁጥጥር ለለምጽና ለሌሎች የቆዳ በሽታዎች ሕክምና ይጠቀሙበታል፤ በልኩ ከተያዘ መድኃኒት ነው።

ለነፍሰ ጡርም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የጤና አዳም ወገን ተክሎች በብዙ አገሮች ፅንስ ለማስወረድ ሲወሰዱ የኖሩ ናቸው፤ በብዛት የወሰዱም ተመርዘዋል። ቡና ላይ የምትጣል አንድ ቅርንጫፍ ሌላ፣ በማንኪያ እየተለካ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ዱቄት ሌላ። የሕፃን ሆድ ሲነፋ ጭማቂውን የማጠጣት ልማድም ቢቀር ይሻላል፤ ለአራት ኪሎ ሕፃን ጥቂት ጠብታ ጥቂት አይደለም።

ሐረርን ሳነሣ ቁቲን ማለፍ አልችልም። የቡና ቅጠል ደርቆ፣ በምጣድ ታምሶ፣ ተፈልቶ የሚጠጣው ቁቲ ውስጥም ሩቲን አለ፤ ማንጊፈሪን የሚባል ሌላ ውህድም አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 የቡና ቅጠል መጠጥ ከሌላ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ ሆኖ እንዲሸጥ ፈቅዷል። የተፈቀደው እንደ መጠጥ ነው። በሽታ ይፈውሳል ብሎ ለመሸጥ ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል፤ የዚያው ኅብረት የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2011 ስለ ኩዌርሴቲን የቀረቡለትን የጤና ማስታወቂያዎች ገምግሞ በቂ ማስረጃ የላቸውም ብሎ መልሷል። ለሐረርጌ አርሶ አደር ይህ መጥፎ ዜና አይመስለኝም። ጀጎል ውስጥ ሰው ቁቲን የሚጠጣው ስለሚጣፍጥ ነው፤ ቅጠሉም በዚሁ ስም፣ በንጽሕናው ተጠብቆ ገበያ ሊወጣ ይችላል።

ስለ ዱቄቱ ግን፣ ከሻጭ መጠየቅ ያለበት የትኛው ላብራቶሪ እንደመረመረው ብቻ ሳይሆን ምኑን እንደመረመረ ነው። ሩቲኑ ለብቻው ተለክቷል ወይስ ቢጫ የሆነው ሁሉ ተደምሮ ነው? ሶራሌኑስ? ሶራሌኑን መለካት ሩቲኑን ከመለካት ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። ኤችፒኤልሲ የሚባለው፣ ውህዶችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ ያለው ላብራቶሪ ናሙናውን አንዴ አስገብቶ ሩቲኑን 360 ናኖሜትር አካባቢ ሲያነብ፣ እዚያው ላይ 310 አካባቢ ቤርጋፕተኑን ማንበብ ይችላል። ተጨማሪ የሚያስፈልገው የቤርጋፕተን ማነጻጸሪያ ናሙና ነው። በዚህ አካባቢ የጤና አዳምን ርዕስ የያዘ ተማሪ ከዲፒፒኤቹ ይልቅ ይህን ቢሠራው፣ በደረቁና በእርጥቡ፣ በተፈላውና ባልተፈላው ላይ ያለው ልዩነት ብቻውን አንድ ጥሩ መመረቂያ ይወጣዋል።